አሮጌው 28 ሚሊ ሌንስ ሲደበዝዝ፤ ችግርና መፍትሄ

ካሜራው ይሠራል፣ ፊልሙ ጊዜው አላለፈበትም፣ ሌንሱም ከውጭ ተጠርጓል። ፎቶው ግን አሁንም ደብዝዞ ይወጣል። የምናወራው ከዚህ ወዲያ ስላለው ነው።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ጥላ ውስጥ ያነሳችሁት ደህና ይመስላል። ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ ፊት ለፊቷ ያነሳችሁት ግን ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ፊልም አጣቢውን ነው። አንድ ሠርግ የሚያነሳ ልጅ ሦስት ፊልም አሳጥቦ፣ ከአጣቢው ጋር ተጣልቶ ነው እኔ ጋ የመጣው። መብራት ሳበራበት የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከጠርዝ ወደ መሃል ተዘርግቷል። ሻጋታ ነው።

እናንተም እዩት። ሌንሱን ከካሜራው ፍቱ፣ አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ፣ 2.8 ላይ ክፈቱ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከኋላ አብሩና ከፊት በኩል ሰያፍ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ድር ከሆነ ሻጋታ ነው። እኩል የተነጠፈ ጭጋግ ከሆነ ከግራሶ የተነነ ዘይት ነው። ለጥቂት አቧራ ብላችሁ ግን ሌንስ አትፍቱ፤ ፎቶ ላይ አይታይም።

ጥፋተኛው የቆዳ ማኅደሩ ነው። ባሕር ዳር ክረምቱን እርጥብ ናት፤ ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ግድግዳው ሳይቀር ይረጥባል። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታም ያበቅላል። ሌንሱን በሰኔ በማኅደሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ለጥምቀት ማውጣት ምን ይባላል? ጢስ ዓባይ ፏፏቴው ሥር ቆሞ፣ ሌንሱን ሳያደርቁ ዘግቶ መመለስም ያው ነው።

ሻጋታው የፊተኛው ወይም የኋለኛው መስታወት ላይ ከሆነ ይጸዳል። ከፊት ያለው ስም የተጻፈበት ቀለበት በጎማ ተጭናችሁ ስታዞሩት ይፈታል። በመቀስ ጫፍ አትነካኩት! የጃፓን ሌንስ ብሎን ከተለመደው ባለመስቀል ካቻቪቴ ጋር በደንብ አይገጥምም፤ አናቱ ይበላል። እያንዳንዱን እርምጃ በስልክ ፎቶ አንሱ። መስታወቱ የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ እንደነበር ምልክት አድርጉ። ከዚያ ጥጥ በ3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አርጥባችሁ ከመሃል ወደ ጠርዝ እያዞራችሁ ጥረጉ፣ በንጹህ አልኮል ጨርሱ። ጥጡ ይርጠብ እንጂ አይንጠባጠብ። በረኪና በጭራሽ አታስጠጉ። አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ጋዙ ሳንባ ይጎዳል። ሻጋታው በተጣበቁ ሁለት መስታወቶች መሃል ከገባ ተዉት። ከጸዳም በኋላ የድሩ መስመር ከቀረ ሻጋታው የመስታወቱን ስስ ሽፋን በልቶታል፤ ብትፈገፍጉት አይመለስም።

ፀሐይ ላይ ማስጣት የሚሉትን አትስሙ። አንድ ሰው ሌንሱን ቆርቆሮ ላይ እንደ በርበሬ አስጥቶት አመጣልኝ። የሻጋታው ድር እዚያው ነበር። ግራሶው ግን ቀልጦ የአፐርቸሩ ምላጮች ላይ ወርዷል። ምላጮቹ በዘይት ሲጣበቁ በሰዓቱ አይዘጉም። አፐርቸሩን 11 ላይ አጥብባችሁ ያነሳችሁት ፎቶ 4 ላይ ሰፍቶ የተነሳ ያህል ብርሃን ይገባበታል። ከኋላ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ገፍታችሁ ልቀቁ፤ ምላጮቹ ቀስ ብለው ከተመለሱ ይኸው ነው። ምላጭ ማጠብ ለባለሙያ ይተው።

የፎከስ ቀለበቱ ከጠጠረ ግራሶው ደርቋል፤ ዘይት አታንጠባጥቡበት። ሩቅ ያለው ነገር ካልጠራ ቀድሞ የፈታው ሰው የፎከስ ቀለበቱ የሚዞርበትን ጥርስ አሳስቶ ገጥሞት ሊሆን ይችላል።

ማኅደሩን ለብቻው አስቀምጡ። ሌንሱን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥጠው ሲሊካ ጄል ጋር አድርጉ፤ እርጥበት መለኪያ ካላችሁ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይሁን። ሩዝ አይሆንም፤ ዱቄቱ ቀለበቱ ውስጥ ይገባል። በክረምት በየሳምንቱ አውጡትና ቀለበቶቹን አዙሩ።

የሠርጉ ልጅ ሌንስ ጸድቷል፤ ጠርዙ ላይ ግን ጠባሳ ቀርቷል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን በእጁ ይጋርዳታል። 28 ሚሊ ሌንስ ሰፊ ቦታ ስለሚያነሳ እጁ እንዳይገባበት ጥግ ጥጉን እያየ ያነሳል።