በከርነል ኮድ ውስጥ የመልስ ዋጋን በትክክል እንዴት መያዝ ይቻላል?

የሊኑክስ ድራይቨር፣ ማለትም በከርነሉ (በስርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ሆኖ መሣሪያን የሚያንቀሳቅስ ኮድ፣ ስትጽፉ ዜሮ ሁልጊዜ «ተሳክቷል» ማለት አይደለም። አብዛኛው ፈንክሽን ሲሳካለት ዜሮ ይመልሳል፤ ማህደረ ትውስታ የሚመድበው ኬማሎክ ግን ማህደረ ትውስታ ሲያጣ ነው ባዶ ጠቋሚ (ዜሮ አድራሻ) የሚመልሰው። ስለዚህ ከመጥራታችሁ በፊት ከፈንክሽኑ በላይ የተጻፈውን ማብራሪያ አንብቡ። ከስሙ ተነስቶ መገመት አያዋጣም።

ቀጥሎ፣ በኮዳችሁ ውስጥ −1 የሚመልስ መስመር ካለ አውጡት። ተራ ፕሮግራም −1ን የለመደው የሲ ላይብረሪ የከርነሉን አሉታዊ ቁጥር ስለሚተረጉምለት ነው። በከርነሉ ቋንቋ የስሕተት ቁጥር 1 «አልተፈቀደም» ማለት ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ግብዓት የላከው ተጠቃሚ ችግሩ የፈቃድ መስሎት የፋይል ፈቃድ ሲቀያይር ይውላል። ለእርሱ የሚገባው መልስ ኢንቫል («የተሳሳተ ግብዓት») ነው፤ ቁጥሩ −22።

ዋናው ወጥመድ ዳታን ከተጠቃሚው ፕሮግራም ወደ ከርነሉ የሚገለብጠው ኮፒ ፍሮም ዩዘር ነው። ይህ ፈንክሽን የሚመልሰው የስሕተት ቁጥር ሳይሆን ሳይገለበጡ የቀሩትን ባይቶች ብዛት ነው። ራይት፣ ማለትም ተጠቃሚው ሲጽፍ የሚጠራው የድራይቨራችሁ ፈንክሽን፣ መመለስ ያለበት የተጻፉትን ባይቶች ብዛት ነው፤ ስለዚህ የኮፒ ፍሮም ዩዘርን መልስ እንዳለ ብታሳልፉት ትርጉሙ ሁሉ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ተጠቃሚው 100 ባይት ልኮ አድራሻው ልክ ካልሆነና አንድም ካልተገለበጠ፣ 100 ይመለስለታል፤ ፕሮግራሙም «ሁሉም ተጽፏል» ብሎ ያልፋል። ሁሉም በሰላም ከተገለበጠ ደግሞ ዜሮ ያገኝና ምንም እንዳልተጻፈ ቆጥሮ ያንኑ ደጋግሞ ሊልክ ይችላል።

60ው ብቻ ተገልብጦ 40 ሲቀር ይብሳል። ፕሮግራሙ 40 ተጽፏል ብሎ ከ41ኛው ባይት ይቀጥላል፤ ከርነሉም አይጮህም፣ ተጠቃሚውም አያውቅም። መፍትሔው አጭር ነው፦ መልሱ ዜሮ ካልሆነ ኢፎልትን («የተሳሳተ አድራሻ»)፣ ማለትም −14ን መልሱ፤ ዜሮ ከሆነ የተቀበላችሁትን የባይት ብዛት።

ጠቋሚ የሚመልሱ ፈንክሽኖችም ሲወድቁ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዳንዱ ባዶ ጠቋሚ፣ ሌላው ስሕተቱን በጠቋሚው ውስጥ ደብቆ ይሰጣል። ኢዝ ኤረር የተባለው ፍተሻ ሁለተኛውን እንጂ ባዶውን አይዝም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚፈትሸውን ኢዝ ኤረር ኦር ነልን ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔ አልወደውም። ከባዶ ጠቋሚ የስሕተት ቁጥር ስታወጡ ዜሮ ታገኛላችሁና ውድቀቱ እንደ ስኬት ይመለሳል።

መልሱን የምትይዙበት ተለዋዋጭ አሉታዊ ቁጥር የሚቀበል ይሁን። ካልሆነ «ከዜሮ ያነሰ ነው?» የሚለው ፍተሻ ፈጽሞ አይሠራም፤ ስማች የተባለው የኮድ መፈተሻ መሣሪያ ይህን ይይዛል።

በመጨረሻ፣ ፕሮግራም ከርነሉን የጠራበትንና ያገኘውን መልስ በሚያሳየው በኤስትሬስ ሞክሩት። ለራይት ባዶ አድራሻና 100 ባይት ስጡት። ኢፎልት ሳይሆን 100 ከታየ ወደ ኮፒ ፍሮም ዩዘር ተመለሱ።