ዘግይቶ የተዘራ ማሽላ ምርቱ ይቀንሳል? በሊኒየር ሪግሬሽን እንዴት እንደሚፈተሽ

ወሎ ውስጥ ቃሉ ወይም ቆቦ ላይ ማሽላ የሚያመርት ገበሬ ጠይቁ። ምርት ለምን እንደሚያንስ ምክንያቱን ይደረድርላችኋል። በልጉ ቀረ፣ ዘሩ ዘገየ፣ በሬ ጠፋ፣ አቀንጭራ የሚባለው አረም ገባ። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። የቸገረን የትኛው ምን ያህል እንደሚመዝን ማወቅ ነው። ሊኒየር ሪግሬሽን የተሠራው ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። ብዙ ምክንያቶችን ጎን ለጎን ያስቀምጥና “ሌሎቹ ባሉበት ቢቆዩ፣ ይሄኛው ውጤቱን በስንት ይቀይረዋል?” ይላል።

መመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪም ሆነ የወረዳ ግብርና ባለሙያ በአንድ ላፕቶፕ ሊሠራው ይችላል። ኤክሴል ይበቃል። ከታች የምታዩዋቸው የውጤት ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ የተፈጠሩ ናቸው፤ እንደ ጥናት ውጤት እንዳትጠቅሷቸው።

1. ግምታችሁን አስቀድማችሁ ጻፉ

መጀመሪያ አንድ ውጤት ምረጡ። የእኛ “ማሽላው በሄክታር ስንት ኩንታል ሰጠ?” ይሁን። ቀጥሎ ይህን ውጤት ይተነብያሉ የምትሏቸውን ነገሮች (ተለዋዋጮች) ምረጡ። ሦስት እንውሰድ፦ የተዘራበት ቀን፣ ማዳበሪያ በኪሎ፣ የበሬ ብዛት።

በሬ ለምን ገባ? አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው መቀናጆ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ማሳውም ደጋግሞ ሳይታረስ ሊዘራ ይችላል። እያንዳንዱ ተለዋዋጭ እንዲህ ያለ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ምክንያት የሌለውን አታስገቡ። 20 ምንም የማይመለከታቸው ነገሮች ብታስገቡ፣ በተለመደው የ0.05 መስፈርት አንዱ በአጋጣሚ ብቻ “ግንኙነት አለው” ብሎ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ ታሪክ መፍጠር ቀላል ነው። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እንደዚህ እንደተጻፈ ቤት ይቁጠረው።

ስለዚህ ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ “ቀኑ በዘገየ ቁጥር ምርት ይቀንሳል፤ በሬና ማዳበሪያ በጨመሩ ቁጥር ምርት ይጨምራል።” ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት።

2. መረጃውን ወደ አንድ መለኪያ አምጡ

አብዛኛው ሥራ እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራው የደቂቃ ሥራ ነው፤ ይሄኛው ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

አንድ ገበሬ መሬቱን በጥማድ ይነግራችኋል፣ ሌላው በሄክታር። ብዙ ጊዜ ጥማድ የሄክታር ሩብ ተደርጎ ይያዛል፤ ከቦታ ቦታ ግን ይለያያል። ከተቻለ ማሳውን ለኩት። ምርቱንም አንዱ በኩንታል አንዱ በጆንያ ይቆጥራል። ጆንያው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ሳትጠይቁ እንዳትመዘግቡ።

ቀኑ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። “30/2” ብላችሁ ጥቅምት 30ን ብታስገቡ፣ የፈረንጆቹ 2ኛ ወር (ፌብሩዋሪ) 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። ሌሎቹን ዝም ብሎ ይቀበልና አንዳንዱን ወር 31 ቀን እያደረገ ልዩነቱን ያዛባዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በእጅ ይቆጠራል። ሚያዝያ 1ን ቀን 1 በሉት። ግንቦት 10 ቀን 40 ይሆናል፣ ሰኔ 5 ደግሞ ቀን 65።

በኤክሴሉ ላይ አንድ ረድፍ አንድ ማሳ፣ አንድ ዓምድ አንድ ተለዋዋጭ ይሁን። ባዶ ሳጥን አይኑር። በቁጥር የማይገለጽ ነገር ካለ 0 እና 1 ስጡት፦ ቆላ 0፣ ወይና ደጋ 1። ደጋ ሲጨመር ሦስት ምድብ ስለሚሆን ሁለት ዓምድ ያስፈልጋል። ከምድቡ ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ይቀነሳል።

ስንት ማሳ ይበቃል? ለአንድ ተለዋዋጭ ከ10 እስከ 20 ማሳ የሚል የቆየ ልማድ አለ። ለሦስት ተለዋዋጭ 60 ወይም 80 ማሳ ብትይዙ አያሳፍርም። ግን ሁሉንም ከአንድ ጎጥ አታምጡ። ጎረቤታሞች አንድ ዝናብና አንድ ዓይነት አፈር ስለሚጋሩ፣ 80 ማሳ ብላችሁ የቆጠራችሁት በተግባር ከዚያ በጣም ያነሰ ይመሰክራል። ወሎ ላይ ደግሞ ከፍታው በአጭር ርቀት ይገለበጣል። ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ። አየሩም ሰብሉም ይለወጣል። ሁለቱን አደባልቃችሁ ከፍታን ከረሳችሁ፣ ያገኛችሁት የማዳበሪያ ውጤት የከፍታ ውጤት ሊሆን ይችላል።

3. በዓይን እዩት

ከስሌቱ በፊት ምርትን ወደ ላይ፣ ቀንን ወደ ጎን አድርጋችሁ የነጥብ ግራፍ ሥሩ። ነጥቦቹ በግምት ቀጥ ባለ መስመር ዙሪያ ከሆኑ ቀጥሉ። ከሌሎቹ የራቀ አንድ ነጥብ ካያችሁ ወደ መዝገቡ ተመለሱ። 160 ኩንታል የሚል ካለ፣ 16 ለማለት የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

4. ስሌቱን አሠሩ

ኤክሴል ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድ-ኢንስ ግቡና ከታች “ጎ” የሚለውን ተጭናችሁ “አናሊሲስ ቱልፓክ” የሚለውን አብሩ። ከዚያ ዳታ የሚለው ትር ላይ “ዳታ አናሊሲስ” ይመጣል። ይህ በስልኩ ኤክሴል ላይ አይሠራም። “ሪግሬሽን” ምረጡ። ዋይ በሚለው ቦታ የምርቱን ዓምድ፣ ኤክስ በሚለው የሦስቱን ተለዋዋጮች ዓምዶች ስጡ። ሦስቱ ዓምዶች ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። “ሌብልስ” እና “ሬዚጅዋል ፕሎትስ” ላይ ምልክት አድርጉና ኦኬ በሉ። ኤስፒኤስኤስ ወይም አር የምትጠቀሙም ያው ነው፣ ውጤቱ አይለይም።

ኮምፒውተሩ ከጀርባ የሚሠራው፣ በነጥቦቹና በመስመሩ መካከል ያለው ርቀት በራሱ ተባዝቶ ሲደመር ከሁሉ የሚያንስበትን መስመር መፈለግ ነው። ፈረንሳዊው ሌዠንድር እ.ኤ.አ. በ1805 ይህን ዘዴ ያሳተመው ለጅራታም ኮከቦች ምህዋር ነበር። ለማሽላም ይሆናል።

5. ውጤቱን አንብቡ

ከ80 ማሳ ይህ ወጣ እንበል፦

ምርት = 14 − 0.08 × ቀን + 0.03 × ማዳበሪያ + 1.1 × በሬ

ቀን 40 ላይ የዘራ፣ 50 ኪሎ የጨመረና አንድ በሬ ያለው ሰው 14 − 3.2 + 1.5 + 1.1፣ ማለትም በሄክታር 13.4 ኩንታል ይጠበቅለታል። 30 ቀን ቢዘገይ 2.4 ኩንታል ያጣል።

ብዙ ሰው ግን ወደ ፒ-ቫልዩ (እውነተኛ ግንኙነት ባይኖር እንኳ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ቁጥር በአጋጣሚ የመውጣት ዕድል) ነው የሚሮጠው። የቀኑ 0.003፣ የበሬው 0.04፣ የማዳበሪያው 0.21 ይሁን። ከዚያ “ማዳበሪያ ጥቅም የለውም” ተብሎ ይደመደማል። ይሄ ስህተት ነው። ጎኑ ያለውን “ሎወር 95%” እና “አፐር 95%” ተመልከቱ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ከመረጃው ጋር የሚስማሙትን ቁጥሮች የያዘውን ስፋት “ክልል” እንበለው። ለማዳበሪያ ከ−0.02 እስከ 0.08 ይላል እንበል። ለ50 ኪሎ ስታባዙት ከ1 ኩንታል ጉዳት እስከ 4 ኩንታል ጥቅም ማለት ነው። ይህ መረጃ ስለ ማዳበሪያ መፍረድ አልቻለም፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልተናገረም። በተቃራኒው ፒ-ቫልዩ ትንሽ ሆኖ ለውጡ ሩብ ኩንታል ብቻ ከሆነ ገበሬውን ምን ይጠቅመዋል? እኔ ሁሌም የማየው መጀመሪያ የኩንታሉን መጠን፣ ቀጥሎ ክልሉን፣ ፒ-ቫልዩን በመጨረሻ ነው።

አር ስኴር 0.34 ቢሆን፣ በማሳዎቹ መካከል ካለው የምርት ልዩነት 34 በመቶው ከሦስቱ ነገሮች ጋር ተያይዟል ማለት ነው። አነስተኛ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። አቀንጭራ፣ ወፍ፣ የአፈር ልዩነት፣ ይህ ሁሉ ቀሪው ውስጥ አለ።

6. መስመሩን ፈትኑት

“ሬዚጅዋል ፕሎት” የሚለውን ግራፍ ክፈቱ፤ ሬዚጅዋል ማለት የተገኘው ምርት ከቀመሩ ግምት የሚለይበት መጠን ነው። ነጥቦቹ ከዜሮ በላይና በታች ያለ ቅርጽ መበተን አለባቸው። ጎበጥ ካሉ ግንኙነቱ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። እንደ መለከት አፍ እየሰፉ ከሄዱ የክልሉ ቁጥሮች አይታመኑም። በሬና የመሬት ስፋትን አብራችሁ ካስገባችሁ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ስሌቱ የማንን ሥራ ለማን እንደሚሰጥ ግራ ይገባዋል። አንዱን አውጡ።

አሁን ዋናው ፈተና። በልጉ በደህና ከጣለ ገበሬው ረጅም ጊዜ የሚወስደውን ማሽላ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይዘራል። ከቀረ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ይፈልጋል፣ ወይም ወደ ጤፍ ይዞራል። ስለዚህ ዘግይቶ የዘራው ሰው የዘራው ዝርያም ሌላ ሊሆን ይችላል። ዝርያውን በ0 እና በ1 ጨምራችሁ ስሌቱን ድገሙት። የቀኑ ቁጥር ከ−0.08 ወደ −0.03 ተቀየረ እንበል። የትኛው ልክ ነው?

በጥያቄያችሁ ይወሰናል። “በልግ ሲዘገይ ገበሬው በአጠቃላይ ስንት ያጣል?” ከሆነ የዝርያ ለውጡ የኪሳራው አካል ነውና ዝርያው አይገባም። “ዝርያው አንድ ቢሆን መዘግየቱ ብቻውን ስንት ያስቀንሳል?” ከሆነ ይገባል። ይህን ኤክሴል አይመርጥላችሁም። ወደ ጤፍ የዞሩት ደግሞ መዝገባችሁ ውስጥ ጭራሽ የሉም፤ ይህንንም ጻፉት።

7. ሪፖርት አድርጉ፣ ከዚያ በእውነት ተንብዩ

ስንት ማሳ፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ የስንት ዓመተ ምህረት ምርት እንደሆነ አስፍሩ። ቁጥሩን ከነክልሉ ስጡ። “ያስከትላል” በማለት ፋንታ “አብሮ ይታያል” ብትሉ ይሻላል፤ ማንም ሰው ገበሬዎቹን በዕጣ መድቦ ቀን አላደላቸውም። መረጃችሁ ከቀን 20 እስከ ቀን 110 ከሆነ ስለ ቀን 150 አትተንብዩ።

ቀመሩ መተንበይ መቻሉን የሚያሳየው ያልታየ መረጃ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ምርት ሲሰበሰብ፣ ቁጥሮቹን ሳትነኩ በአምናው ቀመር የእያንዳንዱን ማሳ ምርት አስሉ። ከዚያ ከተወቃው ጋር አስተያዩት። በአማካይ በስንት ኩንታል እንደሳተ ጻፉ። “ሁሉም ማሳ የአምናውን አማካይ ይሰጣል” ብላችሁ ብትገምቱ ከምትስቱት በላይ ከሳተ፣ ያ ቀመር ለዚያ ዓመት አልሠራም።