የላቲኖ ፍራተርኒቲን አመጣጥ እንዴት ታጣራላችሁ

አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ያላችሁ፣ የላቲኖ (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ) ፍራተርኒቲ፣ ማለትም በግሪክ ፊደላት የሚሰየም የወንድ ተማሪዎች ማህበር፣ ልጆች ኑ ግቡ ካሏችሁ (ብዙዎቹ ላቲኖ ያልሆነንም ይቀበላሉ) ወይ ደግሞ ለክላስ ፔፐር ልትጽፉበት ካሰባችሁ፣ ቶሎ የምትሰሙት "የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን" የሚለውን ነው። ችግሩ እንደዛ የሚለው አንድ ድርጅት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የምስረታ ቀኑን ይዛችሁ አትሩጡ፣ ከዛ በፊት ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ከነዚህ ፍራተርኒቲዎች አንዱን፣ ፋይ አዮታ አልፋን ብትወስዱ የተመሰረተው ዲሴምበር 26፣ 1931 እ.ኤ.አ ነው፣ ግን ታሪኩን የሚጀምረው ትሮይ ኒውዮርክ ሬንስለር ፖሊቴክኒክ ውስጥ በ1898 ከተቋቋመ የተማሪዎች ማህበር ነው፣ ያ ማህበር በ1921 ከኤምአይቲና ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ቡድኖች ጋር ተዋሃደ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ሉዊዚያና ከተጀመረው ሲግማ አዮታ ጋር ሲቀላቀሉ ነው ዛሬ ያለው ስም የመጣው።

ቀጥሎ መሃል ላይ ተቋርጦ እንደሆነ እዩ፣ ይሄን ሰው ሁሉ ይዘለዋል! ፋይ አዮታ አልፋ በ1970ዎቹ ጠፍቶ በ1984 ነው እንደገና የተነሳው። እሱ በተዳከመበት ጊዜ፣ ዲሴምበር 1፣ 1975፣ ኒው ጀርሲ ኪን ኮሌጅ ውስጥ ላምዳ ቴታ ፋይ ተመሰረተ፣ የሴቶቹ ላምዳ ቴታ አልፋም እዛው ኮሌጅ በዛው ዓመት። ለዚህ ነው ፋይ አዮታ አልፋም ላምዳ ቴታ ፋይም "የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን" ሲሉ መሰረት ያላቸው።

ለኔ ግን ከቀኑ ይልቅ ትልቁ ጥያቄ እነማን ነበሩ የሚለው ነው። የድሮዎቹ በብዛት ከላቲን አሜሪካ ለትምህርት መጥተው ወደ ሀገራቸው የሚመለሱ ነበሩ፣ ወሬያቸውም የላቲን አሜሪካ ሀገሮች አንድነት ነበር። የ75ቶቹ ግን ኑሯቸው እዛው አሜሪካ ነው፣ የፈለጉት ካምፓስ ውስጥ የሚደጋገፉበት ቤተሰብ ነው። ይሄን ሳትለዩ ማን ቀደመ ብላችሁ ብትከራከሩ የትም አትደርሱም።

ማስረጃ ስትፈልጉ የድርጅቱ ዌብሳይት ላይ ብቻ አትቁሙ፣ የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ጋዜጣና የድሮ ኢርቡኮች (የተማሪዎች ፎቶና ማህበራት ያሉባቸው የዓመት መጽሐፎች) አገላብጡ። ለምሳሌ ላምዳ አፕሲሎን ላምዳ ፌብሩዋሪ 19፣ 1982 ኮርኔል ነው የተመሰረተው፣ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ጋዜጣ የኮርኔል ዴይሊ ሰን የድሮ እትሞች ደግሞ ኦንላይን በነጻ ይነበባሉ። የ1910ዎቹን ስትፈልጉ ግን ላቲኖ ብላችሁ ብትጽፉ ምንም ላይወጣ ይችላል፣ ሂስፓኖ አሜሪካን ወይ ስፓኒሽ አሜሪካን በሉ።

አባላቱን ስታናግሩም የሚስጥር ስርዓታቸውን አትጠይቁ፣ እሱ የነሱ ነው፣ ስለ መስራቾቹ ጠይቁ፣ በደስታ ያወሯችኋል።