ዋሽንግተን ዙሪያ መስመር ሲሳት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የዋሽንግተን ዲሲ ሰማይ ለትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ምሕረት የለውም። ሬገን ኤርፖርት ካለው የሬዲዮ ጣቢያ ዙሪያውን 30 ኖቲካል ማይል፣ ከመሬት እስከ 18,000 ጫማ፣ ልዩ ደንብ ያለበት ክልል ነው። ፓይለቶች ኤስኤፍአርኤ ይሉታል። መሃሉ ላይ ያለው ‹ፍሪዝ› ደግሞ የተለየ ፈቃድ የሌለው የግል አብራሪ አይገባበትም። በ2005 ግንቦት ላይ ከፔንሲልቬንያ የተነሳች ሴስና 150 መንገድ ስታ እዚያ ገባች። ካፒቶልና ዋይት ሃውስ ውስጥ የነበረው ሰው ተጣድፎ ወጣ፤ ኤፍ-16ዎችም ተላኩ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ በረራ የምትማሩ ሐበሾች፣ ይሄ ሰፈራችሁ ነው።

ጂፒኤሱ ላይ ከክልሉ ጠርዝ ጋር ተጠጋግታችኋል

አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ‹ዳይሬክት ቱ› የምትባለው ቁልፍ ናት። ቀጥ ያለ መስመር ትሰጣችኋለች፤ መሃል ላይ ምን እንዳለ ግድ የላትም። መሬት ላይ እያላችሁ መስመሩን የሚያጥፉ ነጥቦች አስገቡ፤ ከጠርዙም ቢያንስ 3 ማይል ራቁ። ጠርዝ እየታከኩ መብረር ጉብዝና አይደለም።

ሜሪላንድ ውስጥ ፍሬድሪክ አካባቢ ግን በሰሜን እዞራለሁ ማለትም መዘዝ አለው። እዚያ የፕሬዚዳንቱ ማረፊያ ካምፕ ዴቪድ አለ፤ ፕሬዚዳንቱ ሲመጡ የተከለከለው ክልል ይሰፋል። ስለዚህ ማታ ያነበባችሁትን ኖታም (ለአብራሪዎች የሚወጣ ማስታወቂያ) ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት እንደገና እዩት።

ከታች ያለው መሬት ከካርታው ጋር አልገጥም አለ

መጀመሪያ አቅጣጫ ጠቋሚውን ከኮምፓሱ ጋር አስተያዩ። ጠቋሚው የሚሠራበት ጋይሮ ቀስ እያለ ይሸሻል፤ በየ15 ደቂቃው ቀጥ ብላችሁ እየበረራችሁ አስተካክሉት።

እሱ ደህና ከሆነ ሒሳቡን ፈትሹ። እዚህ አካባቢ ኮምፓስ ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። ካርታ ላይ 180 ከለካችሁ የምትይዙት 190 ነው። ሳይደምር ቀንሶ 170 የያዘ ሰው በ20 ዲግሪ ስቷል፤ 30 ማይል ሲበር ከመስመሩ 10 ማይል ያህል ወጥቷል። ከዋሽንግተን በስተምዕራብ ወደ ደቡብ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ስህተቱ የሚገፋችሁ ወደ ከተማው ነው።

ሌላው መንስኤ እኛው ነን። የጠፋ ሰው ያየውን ሐይቅ ሁሉ የሚፈልገው ሐይቅ ያደርገዋል። ከሰዓት ጀምሩ፦ አሁን የት መድረስ ነበረብኝ? ከዚያ ካርታው፣ ከዚያ መሬቱ። አንድ ምልክት ብቻ ገጠመ ብላችሁ አትመኑ።

‹ስታንድ ባይ› (ጠብቅ) ተባልኩ፤ ልግባ?

ክላስ ቢ (በትልልቅ ኤርፖርቶች ዙሪያ ያለው የቁጥጥር ክልል) ከሆነ፣ አይቻልም። ‹ክሊርድ› (ተፈቅዷል) የሚለውን ቃል በጆሯችሁ እስክትሰሙ ውጭ ዙሩ። ክላስ ሲ (በመካከለኛ ኤርፖርቶች ዙሪያ ያለው) ላይ ተቆጣጣሪው የአውሮፕላናችሁን ቁጥር ጠርቶ ስታንድ ባይ ካለ ግንኙነቱ ተፈጥሯል፤ መግባት ትችላላችሁ።

ኤስኤፍአርኤ ግን የራሱ ጣጣ አለው። የራሱ የበረራ ዕቅድ፣ ለእናንተ ብቻ የተሰጠ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቅ መሣሪያ) ኮድ፣ ከፖቶማክ አፕሮች (ከአካባቢው የአየር ተቆጣጣሪ) ጋር ንግግር፤ ሦስቱም ይሟሉ። ተራ ፍላይት ፎሎዊንግ (ተቆጣጣሪው በራዳር የሚከታተልበት አገልግሎት) አይተካቸውም። ትራንስፖንደሩን በተራው የጋራ ኮድ 1200 ላይ ትታችሁ መግባት ደግሞ በፍጹም።

ከክላስ ቢ ወለል በታች ነኝ ብላችሁ፣ ገብታችኋል ተባላችሁ

አልቲሜትሩን (ከፍታ መለኪያውን) እዩ። የአየር ግፊት ቁጥሩ ላይ የ0.30 ኢንች ስህተት 300 ጫማ ነው። ቅርብ ካለ ጣቢያ አዲስ ቁጥር ውሰዱ።

ከመሬት ቀይ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ጨረር በራባችሁ

ማስጠንቀቂያው ለእናንተ ነው። ከተቆጣጣሪ ጋር እየተነጋገራችሁ ከሆነ ወዲያው ንገሩት። ካልሆነ ከክልሉ መሃል በተቃራኒ ዙሩና ጥሩ፤ ፍሪኩዌንሲው ካልታወቃችሁ የአደጋ ጊዜው 121.5 አለ። የጠፋችሁ ከመሰላችሁማ ጨረሩን አትጠብቁ፣ ቀደም ብላችሁ ‹ጠፍቻለሁ› በሉ። ከወረዳችሁ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ ለናሳ የበረራ ደኅንነት ሪፖርት ሙሉ። ሳታውቁ የሠራችሁት ስህተት ከሆነ ከቅጣት ሊያድናችሁ ይችላል።