የጎልፍ ኳስ ራፍ ውስጥ ገብታ ፕሬሸር ሲመጣ የሚሰሩ ስህተቶች

ራፍ ማለት ያው ከፌርዌዩ (ሳሩ አጥሮ ከታጨደው ዋና መስመር) ዳርና ዳር ሳሩ ረዘም ብሎ የተተወበት ቦታ ነው፣ ጎልፍ የያዘ ሰው ሁሉ ይገባበታል፣ ፕሮዎቹም ጭምር። ብራይሰን ዴሻምቦ በ2020 ዊንግድ ፉት ሜዳ ላይ ዩኤስ ኦፕን የሚባለውን ትልቅ ውድድር በ6 ምት ልዩነት ሲያሸንፍ ከ56 ፌርዌይ ያገኘው 23ቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ራፍ ገባሁ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ስኮር የሚበላሸው ከገባችሁ በኋላ በምትወስኑት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ኳሷን ሳያዩ ክለብ (የመምቻ ዱላ) መምረጥ ነው። ገና ከሩቅ ርቀቱን ለክቶ 7 አይረን (የመካከለኛ ርቀት ክለብ) ይዞ መሄድ! መጀመሪያ ጠጋ ብላችሁ እዩአት እንጂ። ሳሩ አጭር ሆኖ ትንሽ ብቻ ከሸፈናት በክለቡና በኳሷ መሃል ሳር ይገባና ስፒን (የኳሷን መሽከርከር) ይቀንሳል፣ ፍላየር የሚሉት እሱን ነው፣ ኳሷ ከለመዳችሁት ርቀት አልፋ ትሄዳለች ግሪን (ቀዳዳው ያለበት በጣም አጭር ሳር) ላይ ብታርፍም ቶሎ አትቆምም፣ እንግዲህ አንድ ክለብ ቀንሱ፣ ማለትም አጠር ያለ ርቀት የሚሄደውን ያዙ። ጠልቃ ከተቀበረች ግን ርቀት የሚባለውን ነገር እርሱት፣ ሩቅ የሚመቱት 4 እና 5 አይረን ቦርሳ ውስጥ ይቆዩ፣ ምክንያቱም ረጅም ሳር የክለቡን አንገት እንደ ገመድ ይጠመጠምበትና ፊቱን ያዞረዋል፣ በቀኝ ለሚመታ ሰው ኳሷ ዝቅ ብላ ወደ ግራ ነው የምትወጣው። ዌጅ (ኳሷን ከፍ አድርጎ አጭር ርቀት የሚልክ ክለብ) ወይ 9 አይረን ያዙ፣ ፊቱን ትንሽ ከፈት፣ ኳሷን ትንሽ ወደ ኋላኛው እግር፣ የግራ እጃችሁን የመጨረሻ ሶስት ጣቶች ጠበቅ አድርጉና ከላይ ወደ ታች ቁልቁል ምቱ። ሳሩ ወደየት እንደተኛም እዩ፣ ወደ እናንተ ከተኛ ክለቡን ይይዘዋል። (በነገራችን ላይ ሎስ አንጀለስ ያለው ሪቪዬራ ሜዳ ላይ ተጫዋቹን ሁሉ የሚያስጨንቀው ኪኩዩ የሚባለው ሳር ከኛው ከምስራቅ አፍሪካ ደጋ የሄደ ነው።)

ሁለተኛውና ከሁሉም የሚከፋው የጠፋውን በአንድ ምት ላስመልስ ማለት ነው። 1999 ካርኑስቲ ሜዳ፣ ዘ ኦፕን የሚባለው ትልቅ ውድድር፣ ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ በ3 ምት እየመራ መጨረሻው ሆል (የጨዋታው የመጨረሻ ክፍል) ላይ ደረሰ፣ 6 ቢመታ እንኳን ዋንጫው የሱ ነው። ሁለተኛው ምት በ2 አይረን ወደ ግሪን ሲል የተመልካቹን መቀመጫ መታ፣ ከዛ ኳሷ በግሪኑ ፊት የሚያልፈውን ወንዝ ግንብ ነክታ ተመልሳ ጥቅጥቅ ያለ ራፍ ውስጥ ገባች። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡት፣ ሶስተኛውን ወደ ጎን ወደ ፌርዌይ ቢያወጣት፣ በአራተኛው ግሪን ቢያደርሳት፣ በሁለት ፓት (ግሪን ላይ መሬት ለመሬት የሚመታ ምት) ቢጨርስ 6 ነበር! እሱ ግን ከዛ ሳር ውስጥ ወንዙን ላሻግራት አለ፣ ውሃ ውስጥ ገባች፣ ጫማውን አውልቆ ወንዙ ውስጥ እስከመቆም ደረሰ፣ በመጨረሻ በ7 ጨርሶ ፕሌይኦፍ (የእኩል ውጤት መለያ ጨዋታ) ገባና ፖል ሎሪ አሸነፈ። ያንን ሰው ማንም ሊስቅበት አይገባም፣ ፕሬሸር እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ጆርዳን ስፒዝ ደግሞ በ2017 ዘ ኦፕን፣ ሮያል በርክዴል ሜዳ 13ኛው ሆል ላይ ኳሷ በጣም ቀኝ ወጥታ ኮረብታማ ሳር ውስጥ ስትጠፋበት አልታገለም፣ መጫወት አይቻልም ብሎ የ1 ምት ቅጣት ወሰደና ወደ ኋላ እስከ ልምምድ ሜዳው ድረስ ሄዶ መታ። በቦጊ ወጣ፣ ማለትም ለሆሉ ከተመደበው ምት (ፓር) በአንድ በልጦ፣ ከዛ በቀጣዮቹ አራት ሆሎች 5 ከፓር በታች፣ ዋንጫውንም በ3 ምት ልዩነት ወሰደ። እናንተም ይሄ መብት አላችሁ፦ ወይ መጀመሪያ ወደመታችሁበት መመለስ፣ ወይ ከሆሉ (ከቀዳዳው) ጋር ባለው ቀጥታ መስመር ወደ ኋላ መሄድ፣ ወይ ወደ ሆሉ ሳትቀርቡ በሁለት ክለብ ርዝመት ውስጥ ድሮፕ ማድረግ (ኳሷን ከእጅ መልቀቅ)። መውሰዱ ሽንፈት የሚመስላቸው ሰዎች ሲያሳዝኑኝ!

ሌላው በችኮላ ህግ መጣስ ነው። ከኳሷ ጀርባ ያለውን ሳር በእግር ወይ በክለብ መጫን አይቻልም፣ 2 ምት ያስቀጣል፣ ክለቡን ቀለል አድርጎ ማሳረፍ ግን ችግር የለውም። ስትፈልጓት ብትነቃነቅ ቅጣት የለም፣ ወደ ቦታዋ መልሱ። መፈለጊያው ጊዜ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ 3 ደቂቃ ነው፣ ድሮ 5 ነበር፣ አሁንም 5 የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ልብ ሲመታ ስዊንግ (ክለቡን የምታወዛውዙበት) ይፈጥናል፣ ጭንቅላትም ኳሷን ለማየት ቀድሞ ይነሳል። ራቅ ብላችሁ ተመሳሳይ ሳር ላይ ሁለት ሶስቴ አወዛውዙ፣ ሳሩ ክለቡን ምን ያህል እንደሚይዝ እጃችሁ ይወቀው፣ ትንፋሽ አውጡና ከዛ ግቡ፣ ከገባችሁ ደግሞ ስዊንጉን መሃል ላይ አታብርዱት፣ ጨርሱት።

ግሪን አጠገብ ያለው ራፍ ላይ ደግሞ ኳሷ ሳሩ አናት ላይ ጉብ ብላ ስትገኝ ቀላል ትመስላለች፣ ግን ቁልቁል ከመታችኋት ዌጁ ከስሯ ሾልኮ ያልፍና እዛው ጠብ ትላለች። እዚህ ላይ የላይኛው ምክር ይገለበጣል፣ ክለቡን መሬት ሳታስነኩ በኳሷ ቁመት ያዙትና ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ጥረጓት።