ሞልዱ ሲገጥም መሣሪያው ዝም ይላል፦ የጆሮ ሞልድ አመራረጥ

ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል የመስሚያ መሣሪያ ተገዝቶላቸው መሳቢያ ውስጥ የሚተዉት አረጋውያን ጥቂት አይደሉም። ምነው ቢባሉ "ያፏጫል"፣ "ጆሮዬን ያቆስለኛል"፣ "የራሴ ድምፅ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስለኛል" ይላሉ። የሦስቱም ቅሬታ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ሳይሆን ሞልዱ ነው፤ በጆሮዎ ልክ ተሠርቶ ጆሮ ውስጥ የሚገባው፣ በቱቦ ከመሣሪያው ጋር የሚያያዘው ቁራጭ ማለት ነው። ስለ መሣሪያው ማርካ አንድ ሰዓት ከጠየቁ፣ ስለ ሞልዱም ያንኑ ያህል ይጠይቁ።

ልክ ሲወሰድ

ባለሙያው መጀመሪያ ጆሮዎን በመብራት ማየት አለበት። ኩክ ካለ ይወጣል፤ አለዚያ ልክ መውሰጃው ሲሊኮን የጆሮዎን ሳይሆን የኩኩን ቅርጽ ይዞ ይመጣል። ጆሮዎ የሚመግል፣ ታምቡሩ የተቀደደ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። እንዲህ ያለውን ጆሮ አስቀድሞ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ አዲስ አበባ መሀል ከተማ ላለ ሰው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም።

ቀጥሎ ክር የታሰረበት ጥጥ ወይም ስፖንጅ ወደ ጆሮ ቀዳዳ ይገባል፤ ሥራው ሲሊኮኑ ታምቡር ጋ እንዳይደርስ ማገድ ነው። የጆሮ ቀዳዳ ሁለት ቦታ ላይ ስለሚታጠፍ፣ ጥጡ ከሁለተኛው እጥፋት አልፎ መቀመጥ አለበት። ሲገባ ሳል ሳል ቢልዎት አይደንግጡ፤ እዚያ የሚያልፈው ነርቭ ተነክቶ ነው። ከዚያ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ሲሊኮኖች አብረው ታሽተው በስሪንጅ ይሞላሉ። 5 ደቂቃ ገደማ ሲቆይ ይጠነክራል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው አፍ ነው። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ስላለ፣ አፍ ሲከፈት የቀዳዳው ስፋት ይለወጣል። ትንሿን ጣትዎን ጆሮዎ ላይ አድርገው እንጀራ እንደሚያኝክ ሰው አገጭዎን ቢያንቀሳቅሱ ይታወቅዎታል። አፍ ተዘግቶ በተወሰደ ልክ የተሠራ ሞልድ፣ ዝም ብለው ሲቀመጡ ልክክ ብሎ ምሳ ላይ ማፏጨት ሊጀምር ይችላል። የመስማት ችግርዎ ከባድ፣ መሣሪያዎም ኃይለኛ ከሆነ፣ ጥርስ መሀል ማገጃ ተደርጎ አፍ እንደተከፈተ ልክ እንዲወሰድልዎ ይጠይቁ።

የወጣውን ልክ ተቀብለው ይዩት። ሁለቱ እጥፋቶች በግልጽ መታየት አለባቸው። አረፋ የተወው ጉድጓድ፣ ስንጥቅ ወይም የተጨማደደ ጫፍ ካለ "ይደገምልኝ" ይበሉ። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም፤ መድገም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፣ የተበላሸ ሞልድ ግን እንደገና እስኪሠራ ያለ መሣሪያ ያስቀምጥዎታል።

ከምን ይሠራ?

አክሪሊክ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ለማጽዳት ይቀላል፣ ተንሸራትቶ ይገባል። የሚነካ ቦታ ካለው ባለሙያው ወዲያው ሞርዶ ያስተካክለዋል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ወይም ጣታቸው ለደነዘዘ እናቶችና አባቶች እሱን እንመርጣለን። ጉዳቱ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ አብሮ አለመተጣጠፉ ነው። ኳስ ለሚጫወት ልጅም አይሆንም፤ ጆሮው ላይ ቢመታ ጠንካራው ነገር ይጎዳዋል።

ለልጆች፣ እንዲሁም የመስማት ጉድለታቸው ከ70 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) በላይ ለሆነ ሰዎች ለስላሳ ሲሊኮን ይሻላል። ጆሮን ጥብቅ አድርጎ ይዘጋል፤ ድምፅ ሾልኮ ወደ ማይክሮፎኑ ካልተመለሰ ደግሞ ፉጨት የለም። ግን ቆዳ ላይ ስለሚይዝ ማስገባቱ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ መሞረዱም አስቸጋሪ ነው። ሦስተኛው ቪኒል የሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ ሲሆን ሲያረጅ ይቢጫል፣ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል። ሌላ ምርጫ ካለ አንመክረውም። ሞልዱ የነካው ቦታ ሁሉ የሚያሳክክና የሚቀላ ከሆነ ቁሱ አልተስማማዎትም፤ መሞረድ አይፈታውም፣ ቁሱ ይቀየር።

ቀዳዳውና ቱቦው

የጋን ውስጥ ድምፅ የሚመጣው ጆሮ ሙሉ በሙሉ ሲደፈን ነው። መፍትሔው ሞልዱ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ የአየር ቀዳዳ ነው። ወፍራም ድምፆችን በደንብ የሚሰማ ሰው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃዋል። ችግሩ በከፋ ቁጥር ቀዳዳው ይጠባል፤ በጣም ለከበደው 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ወይም ጭራሹን የሌለው ይሠራል፣ ምክንያቱም ሰፊ ቀዳዳ ፉጨት ይጋብዛል።

የተለመደው ቱቦ 13 ቁጥር ሲሆን የውስጥ ስፋቱ 1.93 ሚሊ ሜትር ነው። ለኃይለኛ መሣሪያ ግድግዳው ወፍራም የሆነውን ይጠይቁ። ቱቦ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይቀየራል፤ ከደረቀና ቢጫ ከሆነ በኋላ ሞልዱን እየጎተተ ያወጣዋል። በክረምት ሞቃት ጆሮ ከብርዱ ጋር ሲገናኝ ቱቦው ውስጥ የውሃ ጠብታ ይቋጠራል፣ ድምፁም ባትሪ እንዳለቀ ሁሉ ይጠፋል። ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩ።

ሞልዱን ሲረከቡ

ቀዩ ምልክት የቀኝ፣ ሰማያዊው የግራ ነው። የጆሮዎን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስገቡ፣ ከዚያ ከላይ ያለችውን የሞልዱን ጫፍ በጆሮ እጥፋት ሥር ይሸጉጧት። ይቺ ጫፍ ሳትገባ መቅረቷ የቁስለትም የፉጨትም ዋና ምክንያት ናት። ጣትዎ አልታዘዝ ካለ እንድትቆረጥልዎ ይጠይቁ። ሻሽ፣ ነጠላ ወይም ሂጃብ የሚያደርጉ ደግሞ እንደለበሱ ይሞክሩት፤ ጨርቁ ድምፁን መልሶ ማስፏጨት ይችላልና። ከክሊኒኩ ከመራቅዎ በፊትም ረዳቶች "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" የሚሉበት የታክሲ ተራ ደርሰው ይመለሱ። ጸጥ ያለ ክፍል ብዙ ነገር ይደብቃል።

ካቆሰለዎት በምላጭም በጥፍር ሞረድም አይንኩት። ቀጠሮዎ ከመድረሱ 2 ሰዓት ቀደም ብለው ሞልዱን ጆሮዎ ውስጥ ያድርጉት፤ ባለሙያው የሚሞርደውን ቦታ የሚያውቀው የቀላውን ቆዳ አይቶ ነው።

ሲያፏጭ መጀመሪያ ሞልዱን በጣትዎ ገፋ ያድርጉ። ዝም ካለ ላልቷል ወይም በደንብ አልገባም። ካልተወ አውጥተው የድምፅ መውጫዋን ጫፍ፣ የአየር ቀዳዳ ካለውም እሱን ጭምር፣ በጣትዎ ይድፈኑ። አሁንም የሚጮህ ከሆነ ቱቦው ወይም መሣሪያውን ከቱቦው የሚያገናኘው መንጠቆ ተሰንጥቆ፣ አለዚያም መሣሪያው ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ከደፈኑት በኋላ ዝም ካለ ደግሞ ድምፁ የሚሾልከው በጆሮዎና በሞልዱ መሀል ነው፤ ጆሮዎ ውስጥ ኩክ ተጠራቅሞም ሊሆን ስለሚችል ያስዩት።

ለማጠብ ቱቦውን ከመሣሪያው ይንቀሉ፤ መሣሪያው ውሃ አይነካውም። ሞልዱን ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና እጠቡት፤ አልኮልና በረኪና አይሆኑም። ቱቦው ውስጥ የቀረውን ውሃ በጎማ መንፊያ ያስወጡ። በአፍ መንፋት እርጥበት ይጨምራል። ሌሊቱን ጨርቅ ላይ ይደር፣ ከሰል አጠገብ ግን አያድርቁት።

የሕፃን ጆሮ ቶሎ ያድጋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ሞልዱ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት ድረስ በየ6 ወሩ ገደማ ሊቀየር ይችላል። ብዙ ኪሎ የቀነሰ አዋቂም ሊላላበት ይችላል። አዲሱ ተሞክሮ እስኪረጋገጥ ድረስ አሮጌውን አይጣሉ።