ከደሴ ጉም እስከ ባቲ ሙቀት፦ በፊት አጠባበቅና በመኳኳል ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወሎ ውስጥ ስለ ቆዳ እንክብካቤ ሲወራ ዓመቱን «ክረምትና በጋ» ብሎ ለሁለት መክፈል አያስኬድም። ማለዳ ደሴ ላይ ወፍራም ሹራብ ደርባ የወጣች ሴት፣ የዶሮ መዝለያን ጠመዝማዛ ወርዳ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቧን አውልቃ በክንዷ ትይዘዋለች። ባቲ ድረስ ከዘለቀች ደግሞ ጠዋት የተቀባችው ቅባት በላብ ቀልጦ ግንባሯ ላይ ያብረቀርቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ቅባታችንን ስንመርጥ ከወሩ ስም በፊት የምንውልበትን ቦታ ማየት አለብን። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች የሚሠሩት ደግሞ ፊታቸውን የሚወዱና የሚደክሙለት ሴቶች ናቸው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን አውጥተው ቆዳቸውን ይጎዳሉ።

«ዛሬ ፀሐይ የለችም» ማለት

የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን ደሴ ላይ ፀሐይ መከላከያ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። ቅዝቃዜው ያታልላል። ቆዳን የሚያጠቁረውና ያለ ዕድሜው የሚያስረጀው ጨረር ግን በሙቀት አይለካም፤ አየሩ ብርድ ሆኖም ጨረሩ ብርቱ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው የጨረሩ ጉልበት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስስ ደመናም እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ያሳልፋል። ደሴ፣ ወገል ጤና ወይም ላሊበላ ላይ የምትኖር ሴት ከቆለኛዋ እኅቷ የበለጠ መጠንቀቅ አለባት ማለት ነው።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም» የሚባለውም ብዙ ሰው አሳስቷል። የእኛ ቆዳ ቶሎ ተቃጥሎ አይላጥም፤ ጉዳቱን የሚገልጸው በመጥቆር ነው። ጉንጭ ላይ፣ ከላይኛው ከንፈር በላይና ግንባር ላይ ካርታ መስሎ የሚወጣው ማድያት ዋነኛ ቀስቃሹ ብርሃን ነው። እርግዝና፣ አንዳንድ የወሊድ መከላከያዎችና በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ሲጨመሩበት ይበረታል፤ የምጣድና የምድጃ ወላፈንም ያባብሰዋል። ማድያት ያለባት ሴት ምንም ዓይነት መድኃኒት ብትቀባ፣ ከፀሐይ ካልተጠበቀች የለቀቀው ተመልሶ ይመጣል።

የፀሐይ መከላከያ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ SPF ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር 30 ከሆነ በቂ ነው። በትክክል ሲቀቡት 15 ቁጥሩ ዋነኛውን አቃጣይ ጨረር 93 በመቶ፣ 30 ቁጥሩ 97 በመቶ፣ 50 ቁጥሩ 98 በመቶ ያህል ይከላከላል። በ30 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከመጠኑ ነው። በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ሁለት መስመር አውጡ፤ ለፊትና ለአንገት የሚበቃው ያ ነው። አብዛኛው ሰው የዚህን ሩብ ወይም ግማሽ ቀብቶ «አልሠራልኝም» ይላል። ነጭ እየሆነ ፊታችሁን አመድ የሚያስመስለው ከሆነ ቀለም ያለውን ፈልጉ። በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ከቆዳችን መልክ ጋር ከመስማማቱም በላይ፣ ማድያትን የሚቀሰቅሰውን የሚታይ ብርሃን ይቀንሳል፤ ተራው መከላከያ ይህን አያደርግም።

ለመግዛት አቅም የማይፈቅድ ከሆነም እጅ አይሰጥም። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጃንጥላ መያዝና ነጠላን ወደ ግንባር ሳብ አድርጎ መከናነብ እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ ዛሬም ይሠራል። በተለይ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ቆቦ ላይ ሶለል የሚጨፍሩ ልጃገረዶች ቀኑን ሙሉ ደጅ ስለሚውሉ፣ ከመኳኳላቸው በፊት መከላከያውን ቢቀቡ ምንኛ ጥሩ ነበር።

በደረቀ ፊት ላይ ቫዝሊን መለጠፍ

ከጥቅምት እስከ ጥር ደጋው ላይ ውርጩና ደረቁ ንፋስ ሲበረታ የሁሉም እጅ ወደ ቫዝሊን ይሄዳል። ቫዝሊን ጥሩ ነገር ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ቫዝሊን በውስጡ ውኃ የለውም፤ ሥራው ቆዳ ላይ ያለው እርጥበት እንዳይተን መክደን ነው። ደርቆ የተሰነጠቀ ፊት ላይ ሲቀቡት የሚከድነው ብዙ እርጥበት የለም። ፊታችሁን ታጠቡ፤ በፎጣ ሳታሹት ተጫን ተጫን አድርጋችሁ ውኃውን አንሡ፤ ገና ረጠብ እንዳለ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ሽምብራ የምታህል ቫዝሊን በመዳፋችሁ አሙቃችሁ ፊታችሁ ላይ በስሱ አስቀምጡ። ጠዋት ስትነሡ ልዩነቱን በእጃችሁ ዳስሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ግሊሰሪንም እንዲሁ አጠቃቀም ይፈልጋል። ግሊሰሪን ውኃ ይስባል፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ግን የሚስበው ከቆዳችሁ ከራሱ ነው። ንጹሑን እንዳለ ከመቀባት በውኃ ማቅጠን ወይም እርጥብ ፊት ላይ አድርጎ በላዩ ቫዝሊን መደረብ ይሻላል። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ባቲ የምትውሉ ደግሞ ቀን ቀን ቀለል ያለ ሎሽን ይበቃችኋል፤ ወፍራሙን ለማታ፣ ለተረከዝና ለክርን አቆዩት።

ፊትን በሳሙና ብዛት መቅጣት

የልብስ ሳሙና ፊት ላይ አይነካም። የገላ ሳሙናም ቢሆን አብዛኛው ከቆዳ ተፈጥሯዊ አሲዳማነት በጣም የራቀ ስለሆነ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የምታደርግ ሴት ለውዱእ ንጹሕ ውኃ ይበቃታል፤ በየጊዜው ሳሙና ከጨመረች ቆዳዋ የሚከላከልበትን ተፈጥሯዊ ቅባት ታጣለች። እንዲያውም ውዱእ ጥሩ ሰዓት ጠቋሚ ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ፊቷ በሚገባ እንደታጠበ ሎሽኗን ትቀባ፤ የጠዋቱ የፀሐይ መከላከያም በውኃው ስለታጠበ ያን ጊዜ ትድገመው።

ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙናና ነጭ ሽንኩርት ፊት ላይ አታድርጉ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፤ የሚተወውም ጥቁር ምልክት ለወራት ይቆያል። ሊያጠፉት ከፈለጉት ነጥብ የባሰ ይሆናል።

ግንባር ላይ የሚወጣውን ብጉር ፊት ላይ ብቻ ማከም

ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ ሻሽ አስራ አድራ፣ በማግሥቱ ግንባሯና የፀጉሯ ጠርዝ ላይ ጥቃቅን እብጠት የምታይ ሴት ብዙ ናት። ቅቤው በሰውነት ሙቀት ይቀልጥና በፀጉሩ ጠርዝ ወርዶ፣ ሻሹ ሥር ታፍኖ ያድራል። ይህን የብጉር ክሬም አያድነውም። ቅቤውን ከፀጉሩ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል አርቁት፤ ወደ ጫፉ አብዙት፤ ሻሹንና የትራሱን ጨርቅ ቶሎ ቶሎ እጠቡ፤ ጠዋት ግንባርን ታጠቡ። የፀጉር ቅባትና ዘይትም እንደዚሁ ነው። ቅቤ መተው አያስፈልግም።

የሚያቀላ ክሬም

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ከሁሉም የከፋው ይህ ነውና። የወሎ ሴት ጠይሟም የቀይ ዳማዋም የተዘፈነላት ናት። እንዲያም ሆኖ በየሱቁ «ፊት የሚያጠራ» እየተባለ የሚሸጠው ክሬም ገዢ አያጣም። በእነዚህ ክሬሞች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖንና ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒቶች።

ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ቤት ውስጥ ያለ ሕፃንም በትነቱና በንክኪ ይደርሰዋል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ከ1 ሚሊዮን እጅ 1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መኳኳያ እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይመረት፣ እንዳይገባና እንዳይወጣ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ሃይድሮኪኖን ሐኪም ለተወሰኑ ወራት ሲያዘው ለማድያት ይረዳል፤ ያለ ተቆጣጣሪ ለዓመታት ሲቀቡት ግን ፊት ላይ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁረት ያመጣል፤ እሱም በቀላሉ አይለቅም።

ስቴሮይዱ ደግሞ መጀመሪያ ያስደስታል። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለበትን ክሬም የተቀባች ሴት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ፊቷ ለስልሶና ፈክቶ ታየዋለች፤ ጎረቤትም «ምን ተቀባሽ?» ይላታል። ከዚያ ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል፤ የደም ሥሮቹ እንደ ቀይ ክር ጉንጭ ላይ ይታያሉ፤ ፀጉር ይበቅላል፤ ብጉር ይፈላል። ልታቆመው ስትል ፊቷ ይቀላል፣ ያቃጥላታል፤ እሱን ለማብረድ እንደገና ትቀባለች። በዚህ አዙሪት ውስጥ ያለች ሴት ወቀሳ አያስፈልጋትም፤ ሐኪም ያስፈልጋታል። ለረጅም ጊዜ ከተቀባች በራሷ ውሳኔ በአንድ ጊዜ ከማቆም አስቀድማ ብትታይ ይሻላታል። በወሎ የቆዳ ሕክምና ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከደሴ ቅርብ ነው፤ ስትሄዱ የምትቀቡትን ክሬም ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ ከቃል ገለጻ ይልቅ ማሸጊያው ብዙ ይነግረዋል።

ስትገዙ ይህን አስታውሱ፦ የንጥረ ነገር ዝርዝር ያልተጻፈበትን ክሬም፣ «በቤት የተቀመመ» ተብሎ ምንም ባልተጻፈበት ቆርቆሮ የሚሰጠውን፣ በቀናት ውስጥ አቀላለሁ የሚለውን ተዉት።

ጥቁር ሂና

ለአረፋ፣ ለሰርግ ወይም ለወላድ ጥየቃ እጅና እግርን መሞቅ ከወሎ ውበት ዋነኛው ነው፤ እንሶስላውም ሂናውም እንዳይቀር እመኛለሁ። ችግሩ «ቶሎ ይጥቆር» ተብሎ የፀጉር ቀለም ሲቀላቀልበት ነው። ንጹሕ ሂና ሲታጠብ መጀመሪያ ብርቱካናማ ይሆናል፤ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ወደ ቡና ይጠቁራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሰል የመሰለ ጥቁር የሚወጣ ከሆነ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል እንዳለበት ጠርጥሩ። ይህ ኬሚካል ቆዳ ላይ ሲቆይ የአበባውን ንድፍ ተከትሎ ውኃ ያዘለ ቁስል ሊያወጣ ይችላል፤ ጠባሳውም የንድፉን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ሰውነት አንድ ጊዜ ከጠላው ዕድሜ ልክ ይጠላዋል፤ ያቺ ሴት ከዓመታት በኋላ ሽበቷን ስትቀባ የራስ ቆዳዋና ዓይኗ ሊያብጥ ይችላል። ሂና ቀቢዋን «እህቴ፣ ምን ጨመርሽበት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለሙሽራ ከሆነ ደግሞ ከሰርጉ ሁለት ቀን ቀድማ ትሙቅ፤ በራሱ ጊዜ ይጠቁርላታል።

ኩልን መዋዋስ

የኩል እንጨት ከዓይን ወደ ዓይን የሚዘዋወር ከሆነ የዓይን ማዝም (ትራኮማ) አብሮ ይዘዋወራል፤ በሽታው ገና ባልጠፋበት በአማራ ክልል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለየራሳችሁ ይኑራችሁ። በተለያዩ አገሮች የሚሸጡ በርካታ የኩል ዓይነቶች ሲመረመሩ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስለተገኘባቸው፣ ምንጩ የማይታወቀውን የድንጋይ ኩል ትታችሁ የታሸገ የዓይን መኳያ (አይላይነር) መጠቀም ይሻላል። ለሕፃናት ደግሞ ፈጽሞ አትኳሉ፤ እርሳስ የሕፃን አእምሮ እድገትን ይጎዳል።

ፋውንዴሽንን በሱቅ መብራት መምረጥ

የእጅ ጀርባ ላይ ሞክሮ፣ በነጭ አምፖል አይቶ መግዛት የተለመደ ነው፤ ውጤቱም ፊቱ ነጣ፣ አንገቱ ጠይም የሆነ መልክ ነው። ከመንጋጋ ወደ አንገት ሁለት ሦስት ቀለም በትንሹ አስምሩ፤ ከሱቁ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት፤ አንዳንዱ አየር ሲያገኘው ስለሚጠቁር አሥር ደቂቃ ቆዩ። ቆዳችሁ ላይ የጠፋው መስመር የእናንተ ነው።

ለየቀኑ ግን ፋውንዴሽን ባይኖርም ይቻላል። ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ፣ ነጥብ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ኮንሲለር፣ ማስካራና ሊፕስቲክ ለሥራም ለገበያም ይበቃሉ። ደሴ ላይ በብርዱ ወራት ፓውደር ሲበዛ የደረቀውን ቆዳ ያጎላዋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን አፍንጫና ግንባር ላይ ብቻ በስሱ ቢነካ ላቡን ይይዛል። ማታ ደክሟችሁም ቢሆን ታጥባችሁ ተኙ። ውኃ ብቻውን ማስካራና ሊፕስቲክ ስለማያነሣ ጥቂት ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት በጥጥ አድርጋችሁ አስቀድማችሁ ጥረጉት፤ ከዚያ ታጠቡ። ማስካራ ከተከፈተ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያገለግላል፤ ከደረቀ በውኃ ወይም በምራቅ አታርጥቡት፣ ጣሉት። ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ክሬምና ሊፕስቲክ ዋጋው ቢረክስም አትግዙት፤ ውኃው ከቅባቱ የተለየ ወይም ሽታው የተቀየረ ከሆነ ተበላሽቷል።